መጀመሪያ የሚቀዳው ፎልደር

በኮምፒውተሩ ማዕዘን ላይ ያለው ዓመት 2017 ይላል። ሠርክአዲስ ይህን ቁጥር ከኅዳር እስከ ግንቦት ስታየው ከርማ አንድም ቀን አልከነከናትም። ምን ብሎ ይከንክናት? ዘመኑ እሱ ነዋ! የግድግዳዋ ካላንደርም፣ የዕድሯ ደረሰኝም የሚሉት ይህንኑ ነው። ስህተት መሆኑን ያወቀችው ቡሬ ከተማ፣ የቢሆነኝ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ውስጥ፣ የፎቶ ቤቷ ኮምፒውተር ሆዱ ተከፍቶ ጠረጴዛ ላይ ከተጋደመ በኋላ ነው።

"ይህን ቀን ማነው የሞላው፣ እትዬ ሠርክአዲስ?" አለ ቢሆነኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል።

"እኔው ነኝ። የሰዓቱ ባትሪ ሞቶ መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑ ሲጠፋበት፣ አዲስ ባትሪ አስገብቼ ሞላሁት። ካሜራውንም አብሬ አስተካከልሁ። ምነው?"

"በእኛ አቆጣጠር ነዋ የሞሉት።"

"በማን አቆጣጠር ልሞላው ኖሯል? ፍኖተ ሰላም አይደል የምኖር!"

ቢሆነኝ ሊስቅ አፉን ከከፈተ በኋላ ፊቷን አየና መልሶ ገጠመው። ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ቀስ ብሎ ያስረዳት ጀመር። በየማታው የምትሰካው፣ የፎቶዎቿን ቅጂ የምታስቀምጥበት ትርፍ ዲስክ፣ ከጥቅምት ወዲህ አንድም አዲስ ነገር አልገባበትም። ቅጂውን የሚሠራው ፕሮግራም የሚያየው ቀን ነው። ካለፈው ቅጂ ወዲህ የመጣ ነገር ካለ ይወስዳል፤ አሮጌውን ይተወዋል። ያለፈው ቅጂ የተሠራው በፈረንጆቹ 2024 ነው። ከዚያ በኋላ የገባው ሁሉ 2017 ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ ለፕሮግራሙ የሰባት ዓመት አሮጌ ዕቃ ሆኖ ታየው።

"'ይሄንማ ድሮ ቀድቼዋለሁ' እያለ ሲያልፈው ከርሟል" አለ ቢሆነኝ።

"አረንጓዴ ምልክት ያሳየኝ ነበርኮ! በየማታው!"

"ሥራዬን ጨረስሁ ማለቱ ነው። የሚቀዳ አላገኘም፤ ጨረሰ።"

ሠርክአዲስ ክፉውን አስቀድማ የምታስብ ሴት ናት። ሚኒባስ ከመሳፈሯ በፊት ጎማውን ዞራ ታያለች፤ ስልክ ሲጮኽ ከማንሣቷ በፊት ማን እንደ ሞተ ትገምታለች። ስለዚህ ዲስክ ሌባውን፣ እሳቱን፣ አይጡን፣ የጣሪያውን ፍሳሽ ሳይቀር አስባለት ነበር። በየጊዜው እየከፈተች ታየውም ነበር። ነገር ግን የምትከፍተው ሁልጊዜ ከላይ ያለውን የመጀመሪያውን ፎቶ ነው፤ እሱም ሁልጊዜ ደኅና ነበር።

ፕሮግራሙን የመረጠችው ራሷ ናት። ፎቶ ቤቱ የሟቹ ባሏ የባምላኩ ነው፤ እሱ ካረፈ ወዲህ ከአንድ ልጇ ከአይናለም ጋር ይዘውት ኖሩ። እሷ ታነሣለች፤ አይናለም ኮምፒውተሩ ላይ ትቆርጣለች፣ ታሳምራለች፣ ታትማለች። ባለፈው ጥቅምት አይናለም ዓረብ አገር ለመሄድ ስትወስን፣ እናቷ ብቻዋን እንዳትቸገር አስባ ደምበጫ ካለች ጓደኛዋ ዘንድ ሦስት ፕሮግራሞች በፍላሽ ይዛ መጣች።

"እማ፣ ሦስቱንም እነግርሻለሁ፤ መምረጡ ያንቺ ነው። ይኸኛው ኮምፒውተሩን እንዳለ፣ አንድ ሳያስቀር ያነሣል።"

"ስንት ሰዓት ይፈጅበታል?"

"ግማሽ ቀን።"

"በመካከል መብራት ቢሄድስ?"

"እንደገና ከሀ።"

"እሱን ተይው።"

"ሁለተኛው ደግሞ ሁሉን ጨምቆ አንድ ላይ ያስረዋል። ቦታ አይፈጅም። እስሩን የሚፈታው ግን ራሱ ፕሮግራሙ ብቻ ነው።"

"ፕሮግራሙ ቢጠፋስ?"

"ፕሮግራም እንዴት ይጠፋል፣ እማ?"

"አባትሽስ ይጠፋል ብዬ ነበር?"

አይናለም ወደ ሦስተኛው አለፈች። ሦስተኛው የመረጡለትን ፎልደር ብቻ፣ ከዚያም ውስጥ አዲሱንና የተለወጠውን ብቻ ይቀዳል። የተቀዳው እንደ ማንኛውም ፎቶ በየትም ኮምፒውተር ይከፈታል። መብራት ቢሄድ ካቆመበት ይቀጥላል። ሠርክአዲስ ይህን ወደደችው፤ ሆኖም አላመነችውም።

"ሌባ ቢወስደውስ? ቢቃጠልስ? አይጥ ሽቦውን ቢበላውስ?"

"አንቺ እኮ ለምጽአት ቀንም ቅጂ ታስቀምጫለሽ!" ብላ ሳቀች አይናለም። ከዚያ ተቀምጠው የሚቀዳውንና የማይቀዳውን ለዩ። ሰርግ ይቀዳል። ክርስትና ይቀዳል። ጉርድ ፎቶ ይቀዳል። አይናለም ያከማቸቻቸው ፊልሞች አይቀዱም፤ በዚህ ላይ ትንሽ ተከራከሩና እናት አሸነፈች።

ኅዳርና ታኅሣሥን አይናለም ለጉዞው ሥልጠና ባሕር ዳር ከረመች። የሰዓቱ ባትሪ የሞተውም፣ ሠርክአዲስ ቀኑን የሞላችውም በዚያን ጊዜ ነው። ልጅቱ ለጥምቀት ስትመለስ ያንን ቁጥር ወይ አላየችውም፣ ወይ አይታ እንደ እናቷ ዘመኑ ነው ብላ አለፈችው። ልቧ ጉዞው ላይ ነበር። በቀሯት ቀናት ለእናቷ ትምህርት ቀረጸችላት፤ ስክሪኑ ላይ የምትሠራውን እያሳየች፣ በድምፅዋ እያስረዳች። ጉርድ ፎቶ አቆራረጥ፣ ፊት ማጥራት፣ የአታሚ ቀለም መለወጥ። ሁሉንም "ትምህርት" በሚል ፎልደር ውስጥ አድርጋ ከሚቀዱት ጋር አስገባችው። በጥር መጨረሻም ሄደች።

"እማ፣ አሁን መነጽርሽን አድርጊ" ይላል ድምፅዋ በመጀመሪያው ትምህርት። "አድርገሻል? ውሸታም። ተነሺና አምጪው።" ሠርክአዲስም በእርግጥ ትነሣና ታመጣዋለች። "አሁን ይቺን መቀስ የምትመስለዋን ንኪ። ቀስ በይ። ማንም አያባርርሽም።" ትምህርቱን ከቻለችው ቆይታለች፤ ጉርድ ፎቶ ዓይኗን ጨፍና ትቆርጣለች። ደንበኛ ሲያልቅና መንገዱ ጭር ሲል ግን ከፍታ ትሰማዋለች፤ እየመለሰችም ታወራለች። "እሺ። ነካኋት። ከዚያስ?"

አይናለም በየእሑዱ ትደውል ነበር። ለፋሲካ ደወለች፤ እንኳን አደረሰሽ ተባባሉ፤ "በኋላ በደንብ እናወራለን" ብላ ዘጋች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም። የላካት ደላላ "ስልኳ ተበላሽቶ ይሆናል፤ አያስቡ" ይላል። አያስቡ! ሠርክአዲስ ያላሰበችው ነገር የለም። ከፎቅ ላይ ወድቃ አስባታለች፤ ሐኪም ቤት አስባታለች፤ ስም በሌለው ቦታ አስባታለች። ከሐሳቡ የምታርፈው ያ ድምፅ "ማንም አያባርርሽም" ሲላት ብቻ ነበር።

እንግዲህ ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ ኮምፒውተሩ አንድ ጊዜ ጮኸና ጠፋ። መጀመሪያ አልደነገጠችም። ቅጂ አለኝ ብላ ነበር። ትርፍ ዲስኩን የጎረቤት ኮምፒውተር ላይ ሰክታ "ትምህርት" የሚለውን ስትፈልግ አጣችው። ሁለቱንም ተሸክማ ቡሬ የመጣችው ለዚህ ነው።

"አሁን ይስሙኝ" አለ ቢሆነኝ። "የኮምፒውተሩ ዲስክ ጨርሶ አልሞተም። ቀዝቀዝ ሲል ያነባል፤ ሲሞቅ ይቆማል። ቅድም ሁለት ጊዜ ሞከርሁት፤ ሁለተኛው ካንደኛው አነሰ። ዛሬ አንድ ዙር ቢሠራልን ነው። ከዚያ ወዲያ አልምልም። ስለዚህ ሁሉንም ልቅዳ ብል አንዱም ሳይደርስ ይቀራል። ይምረጡልኝ። መጀመሪያ የቱን ፎልደር?"

ያለውን አነበበላት። የጥርና የየካቲት ሰርጎች። ክርስትና። ጉርድ። ጥምቀት። ትምህርት።

"ሰርጉን ተወው፤ ታትሞ ተሰጥቷል። ጉርዱም ቢጠፋ መልሰው ይነሣሉ" አለች። ከዚያ ድምፅዋ አነሰ። "ትምህርት የሚለውን።"

"የምን ትምህርት ነው?"

"የልጄ ነው። አንተ ብቻ ቅዳው።"

ቢሆነኝ እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ። ዲስኩ መዞር ጀመረ፤ ድምፁ ጉሮሮ የሚጠርግ ሽማግሌ ይመስላል። ሠርክአዲስ ግን ዓይኗ "ጥምቀት" የሚለው ቃል ላይ ቀርቶ ነበር።

በዚያ ፎልደር ውስጥ ይርሳው አለ። የማንኩሳ ገጠር ልጅ ነው፤ የእማማ ወለተ ሐና ልጅ። የጥምቀት ዕለት ከታቦቱ መልስ አዲስ ልብሱን ለብሶ ብቻውን መጥቶ ተነሣ። "በትልቁ ይታጠብልኝ" አለ፤ ቀለም አልቆ ስለ ነበር ለፋሲካ እወስደዋለሁ ብሎ ሄደ። ከፋሲካ በኋላ የተሳፈረበት መኪና ተገልብጦ ሞተ። እናቱ ባለፈው ገበያ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ከዚያ በቀር ፎቶ የለውም፤ መታወቂያውም አብሮት ጠፍቷል። "አርባው ሲወጣ ለቀስተኛ የሚያየው መልክ ይኑረው ብዬ ነው፣ ልጄ" አለቻት። ሠርክአዲስም ደረቷን ነፍታ "አይጨነቁ፣ እማማ። እኔ ቤት የገባ ፎቶ አይጠፋም" አለቻት። ኮምፒውተሩ ገና ደኅና ነበር። አርባው ይህ የሚመጣው እሑድ ነው።

"ፎቶው አንድ ብቻ ነው" አለች ቸኩላ። "ከጥምቀቱ ውስጥ የአንድ ልጅ ብቻ። እሱን ነጥለህ ወስደህ ከዚያ ትምህርቱን..."

"ስሙ ምን ይላል?"

"ስም የለውም፤ ካሜራው የሰጠው ቁጥር ነው።"

"ቁጥሩን ያውቁታል?"

አታውቀውም። የጥምቀት ዕለት አገር ነው የተነሣው። የትኛው ይርሳው እንደሆነ ሳይከፈት አይታወቅም፤ እየከፈቱ ለመፈለግ ደግሞ ዲስኩ ጊዜ አይሰጥም። ያለው ምርጫ ፎልደሩን እንዳለ መቅዳት ነው።

"እትዬ፣ እየሞቀ ነው።"

ሠርክአዲስ የነጠላዋን ጫፍ ጨብጣ ቆመች። አእምሮዋ እንደ ልማዱ ክፉውን አመጣላት፤ ይህን ጊዜ ግን ያመጣላት ስለ ራሷ ነበር። ያንን ድምፅ ለምን እንደምትፈልገው አየች። ወለተ ሐና ፎቶውን እንደምትፈልገው ነው። ልቅሶ ሲቀመጡ አጠገብ እንደሚያኖሩት ነገር ነው። ከፋሲካ ጀምሮ ለማንም ሳትናገር፣ ለራሷም ሳትናገር፣ ልጇን ቀብራ በየማታው ስታለቅስባት ከርማለች። ይርሳው ሌላ ፎቶ አይነሣም። አይናለም ግን... አይናለም ምን? ማንም ሞተች አላላትም። እሷ ብቻ ናት ያለቻት።

"ጥምቀትን" አለች።

"ትምህርቱ ይቆይ?"

"ጥምቀትን ቅዳ አልሁህ፣ ቃሌን ሳልመልሰው!"

ቢሆነኝ ቀዳ። ዲስኩ እያጓራ፣ እየቆመ፣ እንደገና እየተነሣ ሄደ። ከውጭ የባጃጅ ሹፌር "ጎንደር በር! ጎንደር በር!" እያለ ይጣራል። የጥምቀቱ ፎልደር አለቀ። ቢሆነኝ ወዲያው ትምህርቱን ጀመረ፤ ከመጀመሪያው ፋይል ትንሽ እንደ ወሰደ ዲስኩ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ አለና ዝም አለ። አቀዘቀዘው፤ ጠበቀው፤ ደግሞ ሞከረው። ምንም የለም። የተወሰደችውን ቁራጭ ሊከፍታት ሞከረ፤ አልተከፈተችም።

"አዲስ አበባ ዲስክ ከፍተው የሚያወጡ አሉ ይባላል" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ይሞከራል። ተስፋ ግን አልሰጥዎትም።"

"ስጠኝ፤ ልያዘው" አለች። ዲስኩ ገና ትኩስ ነበር። በነጠላዋ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ቢሆነኝ ኮምፒውተሩ ላይ ሌላ ዲስክ ገጠመላት፤ የተረፈውን መለሰላት፤ ቀኑንም በፈረንጁ ሞላው። ቀጥሎ የቅጂ ፕሮግራም ሊመርጥላት ብዙ ዘረዘረ፤ አንደኛው በራሱ ሰዓት ይነሣል፣ ሌላኛው የድሮውን ቅጂ ሳይደመስስ አዲሱን ከላዩ ይደረድራል።

"ቀን ሳያይ ውስጡን ከውስጡ የሚያመሳክር የለም?" አለችው።

"አለ። ግን ቀርፋፋ ነው። አንድ ባንድ እያነበበ ነው የሚያስተያየው።"

"ይንቀርፈፍ። ምን የሚያስቸኩለኝ አለ? የተቀዳውም በየትም የሚከፈት ይሁን፤ ሲጨርስም ምን ምን እንደ ወሰደ በስሙ ይንገረኝ። አረንጓዴ ምልክት አልፈልግም።"

"እርስዎ ባንክ ቤት መቀጠር ነበረብዎ!" አለ ቢሆነኝ። እሷ አልሳቀችም፤ እሱም የጫነላት ያንኑ ነው።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስትመለስ ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን ታቅፋ ከኋላ ተቀመጠች። ማንኩሳን አልፈው ሜዳው ለእርሻ ተገልብጦ ጥቁር ሆኖ ሲታይ ያደረገችው ነገር መጣባት። ድምፁን በእጇ ለቀቀችው። ያቺን አንድ ቃል ባትናገር ኖሮ አሁን ቦርሳዋ ውስጥ ይኖር ነበር። ልጅቱ ብትሞትስ? ያን ጊዜ ምን ሊተርፋት ነው? ወርዳ በእግሯ ቡሬ ልትመለስ ምንም አልቀራት፤ የምትመለስበት ነገር ግን የለም። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤ አጠገቧ ያለው ሰው ዶሮውን ከእግሯ ሥር ሲያነሣ እንኳ አላየችውም።

ፎቶ ቤቱ በር ላይ እማማ ወለተ ሐና ተቀምጣ ጠበቀቻት።

"ምነው እዚህ ድንጋይ ላይ፣ እማማ? ገበያው ነገ አይደል?"

"ለተዝካሩ ቅመም ልገዛ መጣሁ። ከእህቴ ልጅ ቤት ነው የማድር። 'እስቲ አይቻት ልለፍ' ብዬ ነው። ጠፋ ብለሽ እንዳትነግሪኝ ፈራሁ፣ ልጄ።"

"አልጠፋም" አለች ሠርክአዲስ። ኮምፒውተሩን አስቀመጠች፤ ገመዶቹን ሰካች፤ የጥምቀትን ፎቶዎች አንድ ባንድ አሳለፈች። ካህናቱ፣ ጥላው፣ የሚዘሉ ጎረምሶች። ከዚያ ይርሳው መጣ፤ አዲስ ኮቱን ለብሶ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አግድሞ፣ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ።

አሮጊቷ አላለቀሰችም። ተጠግታ አየችው፤ መነጽር የላትምና አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደረሰ።

"ምነው ጥርሱን ባሳየ! እንዲህ ያለ ጥርስ ይዞ!"

"'ሳቅ' ብዬው ነበር፤ አፈረ።"

"አዎን፣ ያፍራል" አለች ወለተ ሐና። "ኮሌታው ተጣሟል። አቅኚለት።"

ሠርክአዲስ መነጽሯን አድርጋ አቀናችለት። ፊቱን ልታጠራው ፈልጋ ተወችው፤ እንዳለ ይሁን። አትማ፣ ክፈፍ ውስጥ አግብታ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠቻት። ወለተ ሐና ታቅፋው ተነሣችና በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

"ያንቺዋስ ልጅ ደወለች?"

"አልደወለችም" አለች ሠርክአዲስ። ከዚያ፣ ራሷም ሳታስበው፣ "ትደውላለች" አለች።

"አሜን። አንዱ አምላክ ያሰማሽ።"

አሮጊቷ ሄደች። ጀምበር ገብታ መንገዱ ጭር ማለት ጀመረ። ሠርክአዲስ አዲሱን ቅጂ አስነሥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ፕሮግራሙ በእርግጥ ቀርፋፋ ነው፤ አንድ ባንድ እያነበበ የወሰደውን በስሙ ይጽፋል። ይህ ሰዓት የአይናለም ሰዓት ነበር። እጇ ወደ ማውሱ ሄዶ የሚከፍተው አጥቶ ተመለሰ። "ከዚያስ?" ለማለት አፏን ከፈተች፤ ቤቱ ዝም አለ። ቃላቱን ልታስታውስ ሞከረች። ቃላቱ አሉ፤ ድምፁ ግን የራሷ ድምፅ ሆኖ ነው የሚመጣባት።

ስልኳን አውጥታ ደወለች። የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም። እንደገና ደወለች፤ ያው። አእምሮዋ ፎቁን አመጣ፤ ሐኪም ቤቱን አመጣ። አላባረረችውም፤ ማባረር አትችልበትም። ስልኩን ግን እንደ ወትሮው መሳቢያ ውስጥ አልጣለችውም፤ ቻርጅ ላይ ሰካችውና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገችው።

ቅጂው አለቀ። የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ከመካከል አንዱን፣ ከመጨረሻውም አንዱን ከፍታ አየች። ደኅና ናቸው። ዲስኩን ነቅላ ኪሷ ከተተች፤ ኮምፒውተሩን አጠፋች፤ ስልኩን ከነቻርጀሩ ይዛ ተነሣች። ደጃፉ ላይ ቆም ብላ መንገዱን ወዲህና ወዲያ ተመለከተች። አንድ ባጃጅ መብራቱን እያወዛወዘ መጥቶ ሳይቆም አለፈ። ስልኩን በብብቷ ይዛ የቆርቆሮውን በር ጎትታ ገጠመችው፤ ቁልፉንም አዞረች።